ነርቭን በጆሮ ስንፈልግ

ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን በቁጣ ነው የተጀመረው። ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ተዛውሬ ስመጣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ወር ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተኛችው በሽተኛ ስትንቀጠቀጥ አየሁና አንጀቴን በላችው። ሮጬ ሄጄ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጣሁና ደረብኩላት። ማትሮናችን ሲስተር ዘነበች በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ።

"ይሄን የበግ ጠጉር ማን አስገባው?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ፣ በሽተኛዋ በርዷት ነው።"

"እትዬ የምትይኝ ቤቴ ስትመጪ ነው። እዚህ ሲስተር ነኝ። የሱፉ ብናኝ ቁስል ውስጥ ከገባ መግል ይቋጥራል። አውጪው።"

አወጣሁት። በእኔ ጥፋት ዕቃው ሁሉ እንደገና ተቀቀለ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ይልማ እጁን ታጥቦ፣ ክንዶቹን ወደ ላይ አንሥቶ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ደግሞ እሱ ይጨምርልኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ "ብርዱ ግን እውነት ነው" አለ። "የሚንቀጠቀጥ አንገት ላይ መሥራት አልችልም። ብርድ ልብሱን ከወገቧ በታች አድርጉላትና በተቀቀለ አንሶላ ጥቅልል አድርጋችሁ ሸፍኑት።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የክፍሉ ደንብ ሆነ። እኔም ሰውየውን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት፤ እንደ ሐኪም ማለቴ ነው፣ ሰው እንዳይሳሳት። በዕድሜ እኩያዬ ስለነበር እዚህ "አለ" እያልኩ እጽፋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን "እርስዎ" ነበር የምለው።

በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም። ያን ጊዜ ደግሞ ይብስ ነበር። ከሰላ ድንጋይ፣ ከለሚ፣ ከአንኮበር አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይመጣሉ። መልኬ ተበላሸ ብሎ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚመጣው ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። እንቅርቱን ቆርጦ ማውጣት ለሠለጠነ ሰው ያን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከጀርባው ከድር እምብዛም የማትወፍር ነርቭ ወደ ጉሮሮ ትወጣለች፤ እሷ ከተቆረጠች ሰው ድምፁ ይዘጋል። ከላይ በኩል ደግሞ ከእሷም የቀጠነች ሌላ አለች። ያቺ ከተጎዳች ሰውየው እንደ ድሮው ያወራል፣ ድምፁን ወደ ላይ ማውጣት ግን ያቅተዋል።

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ተሠርታ የዳነች ሴት ከለሚ በኩል መጣች። ቁስሏ አምሮ ሽሯል። ድምፅ ግን የላትም። ልጆቿን የምትጠራው በጭብጨባ ነበር። ዶክተር ይልማ በትንሿ መስታወት ጉሮሮዋን ካየ በኋላ ዕቃውን በዝግታ አስቀመጠ። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ፣ "ይህ በእኔ እጅ እንዳይደርስ ምንም ያህል ሰዓት ቢፈጅ እፈጃለሁ" አለኝ። አለም፣ አደረገም።

ዘዴው እንዲህ ነበር። በሽተኛውን ሙሉ በሙሉ አያስተኛም። አንገቱን ብቻ በመርፌ ያደነዝዛል። እኔ ራስጌ ቁጭ እላለሁ። የሚቆረጥ ነገር ሲያገኝ አስቀድሞ በመቆንጠጫ ለስለስ አድርጎ ይይዝና "ሲስተር" ይለኛል። እኔ በሽተኛውን አወራዋለሁ። ድምፁ እንደነበረ ከሆነ "ደህና ነው" እላለሁ፤ ያስራል፣ ይቆርጣል። ድምፁ ከሻከረ ወይም ከሰለለ "ይቆዩ" እላለሁ፤ መቆንጠጫውን ይከፍታል። ዘዴው የራሱ ፈጠራ አልነበረም፣ ውጭ ሲማር ከመምህሮቹ ያገኘው ነው። የራሱ የነበረው ትዕግሥቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ "በቃ ይሁን" ብሎ ሲቆርጥ አላየሁም።

የማወራው ደግሞ እንደ በሽተኛው ነው። ወንዶቹን ስለ በሬዎቻቸው እጠይቃለሁ። አንዲት የሰላ ድንጋይ ሴት ከአማቷ ጋር የተጣላችበትን ነገር ከሥር መሠረቱ ስትተርክልኝ ኦፕራሲዮኑ አለቀ፤ የእሷ ወሬ ግን ገና ድግሱ ላይ አልደረሰም። ዶክተሩ፣ "ስፌቱን ቀስ ብዬ እሰፋለሁ፣ ትጨርስ" አለ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አሳየኝ። በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም አለ። ልዩ ብርሃን ሲበራበት ሥጋው ሁሉ ጨልሞ ነርቩ ብቻውን በስክሪኑ ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። ገና በየአገሩ እየተሞከረ ነው አለኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ ግማሹ አምፖል በተቃጠለ መብራት ሥር ዓይናችን እስኪፈስ የምንፈልጋት ክር፣ እነሆ እንደ ኩራዝ እየበራች። ቀናሁ ብል አላፍርም። ዶክተር ይልማ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደነበር አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያሰብኳቸው መሪጌታ ጥበቡን ነው።

መሪጌታ ጥበቡ አንኮበር የዜማ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። እንቅርታቸው ግን ከአገጫቸው ሥር እስከ ደረታቸው አፋፍ ወርዶ የትንፋሽ ቧንቧቸውን ወደ አንድ ጎን ገፍቶታል። ተጋድመው መተኛት ካቃታቸው ሰንብተዋል። ቁጭ ብለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያንቀላፉት። ዶክተሩም፣ እንቅርቱ ካልወጣ እንደሚያንቃቸው በግልጽ ነገራቸው።

"እሱን አውቀዋለሁ" አሉ። "ግን ዶክተር፣ ድምፄን ወስደው ትንፋሼን ቢመልሱልኝ ምን አደርግበታለሁ? የምበላው በዚሁ ነው። የማስተምረው በዚሁ ነው። ደጄ ላይ ድምፄ የተዘጋ እንደሆነ የሚበተን የተማሪ ጉባኤ አለ።"

"ለዚህ ነው እያዜሙ የምሠራዎት" አለ ዶክተሩ። ለሌላው በሽተኛ ወሬ ይበቃል፤ የላይኛዋ ነርቭ ግን በወሬ አትታወቅም። የምትታወቀው ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ነው።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዜማ ቆሞ ነው። ተጋድሜ፣ ደሜ እየወረደ አላዜምም። የፈለጉትን ያህል ላውራልዎ። ዜማ ግን አይሆንም።"

እኔ የመሪጌታ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ገባኝ። አባቴ ሰላ ድንጋይ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይገባም፤ እሳቸው ደግሞ ደማቸው እየፈሰሰ አምላክን ሊያመሰግኑ አይወዱም። ዶክተሩ ሊሟገት ይችል ነበር። አልተሟገተም። "እሺ መሪጌታ፣ በወሬ እንሞክራለን" አለ። እኔ ግን ሲወጣ ፊቱን አይቻለሁ።

የአልጋ ነገር ደግሞ ነበር። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ ካድሬ ማን መቼ ኦፕራሲዮን እንደሚደረግ ሳይጠየቅ አይታለፍም። "ጓድ ዶክተር፣ ወዛደሩ ወረፋ እየጠበቀ ደብተራ ታስቀድማለህ?" አለው።

"አስተማሪ ነው" አለ ዶክተሩ። "ተማሪዎቹ ያለ መምህር ተቀምጠዋል።"

ካድሬው ምን እንደሚያስተምሩ አልጠየቀም። ዶክተሩም አልነገረው።

በቀጠሮው ቀን ማደንዘዣ ሰጪያችን ሰይድ አጠገቤ ቆመ። ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ነው። መሪጌታ አንገታቸው በመርፌ ሲደነዝዝ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩና ማንነቱን ጠየቁት።

"የአልዩ አምባ ልጅ ነህ? የማን?"

"የበርበሬ ነጋዴው የአሊ ልጅ ነኝ፣ መሪጌታ።"

"አባትህ በቅሎ ሸጠውልኝ ነበር። ነካሽ ናት።"

"አባቴ እኮ ነካሽ መሆኗን ነግሬያቸዋለሁ ነው የሚሉት።"

"እሱስ ነግረውኛል። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ።"

ዶክተሩ ከጭንብሉ ሥር ሳቀ። ወሬው በዚሁ ቀጠለ። ስለ ቁልቁለቱ መንገድ፣ ስለ ገበያው፣ ስለዚያች በቅሎ ክፋት። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። የታችኛዋን ነርቭ ዶክተሩ አገኛት፣ አሳየኝ፣ ከእንቅርቱ ላይ በቀስታ ገፍቶ አስተረፋት። እኔም በየመሀሉ "ደህና ነው" እያልኩ ልቤ ረጋ።

ከዚያ ወደ ላይኛው ጫፍ ደረሰ። ደም ሥሩ ሲገለጥ ከጎኑ ሁለት ነጫጭ ክሮች ታዩ። አንዷ ነርቭ ናት፣ አንዷ ምንም ያልሆነች ስስ ሥጋ። እንቅርቱ ሁሉን ነገር ከቦታው ስላፈናቀለው የትኛዋ የቷ እንደሆነች ዓይን አይለይም። ዶክተሩ መብራቱን አስጠጋ፣ አራቀ፣ ጎንበስ ብሎ አየ።

"መሪጌታ፣ ቀጠን ያለ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ፈልጌ ነበር። 'ኢ' ይበሉልኝ።"

መሪጌታ "ኢ" አሉ። ጮክ አሉ እንጂ ከፍ አላሉም። ሁለተኛም ሞከሩ፤ ያው ነው። "ቀጥሎ እልል በል ልትሉኝ ነው?" አሉ።

ዶክተሩ መቆንጠጫውን ዘርግቶ ያዘና መልሶ አስቀመጠው። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ። የላይኛውን ጫፍ ሳይነካ ቢተወው እንቅርቱ ተመልሶ ያድጋል፤ ሁለተኛ የሚሠራ አንገት ደግሞ ጠባሳ ስለሆነ ይበልጥ ያሰጋል። ሁለቱንም ክሮች ቢቆርጥ መሪጌታ ከእንግዲህ መናገር እንጂ ማዜም የለም። እንዲያዜሙ ግን ዳግመኛ አልጠየቃቸውም። ይህን እስከ ዛሬ አደንቅለታለሁ። ስለት በእጁ ይዞ፣ ሰውየው በጀርባቸው ተንጋለው፣ ቃላቸውን አከበረላቸው።

እኔ ሲጨንቀኝ ማንጎራጎር ልማዴ ነው። ሳላውቀው ጀመርኩ። የመጣችልኝ ልጅ ሳለሁ በአባቴ ጎጆ ግድግዳ በኩል የሰማኋት አንዲት የአራራይ ዜማ ናት። ሴት ልጅ ስለሆንኩ ያስተማረኝ የለም፣ እንዲሁ የለቀምኳት ናት። ዜማዋ ተነሥታ ተነሥታ አንድ ቦታ ስትደርስ እኔ ወደ ታች ይዣት ወረድኩ።

የመሪጌታ ዓይን ተከፈተ። "ውረጅ ማን አለሽ?"

"እ? ምን አልኩ የኔታ?"

"እዚያ ጋ ትነሣለች እንጂ አትወድቅም። ማነው እንዲህ አበላሽቶ የሰጠሽ? ስሚ።" እና አሳዩኝ። ከዚያ ከተከፈተ አንገት የወጣው ድምፅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄዶ፣ አናቱ ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሰይድ የደም ግፊት መለኪያውን ጨብጦ ደርቆ ቀረ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ቀና ስል ዶክተሩ እያየኝ ነው። ከጭንብሉ በላይ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

"ሲስተር" አለ፣ "እንደገና ተሳሳቺ።"

ተሳሳትኩ። መሳሳቱ አላስቸገረኝም፤ ትክክሉን አላውቀውም። ዶክተሩ አንደኛዋን ክር በመቆንጠጫው ጫፍ ለስለስ አድርጎ ያዘ። መሪጌታ፣ "ኤዲያ፣ ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም እንዴ?" አሉና እንደገና አነሡት። ድምፁ ወጣ፣ ወጣና አናቱ ጋ ሲደርስ ተሰብሮ ወደቀ።

"ምን ሆንኩ?" አሉ። እንዲያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም።

"ይቆዩ" ስል ዶክተሩ ቀድሞ ከፍቶት ነበር። "ምንም አልሆኑም መሪጌታ። ትንሽ ይረፉ" አለ። ዕረፍቱ ዓመት መሰለኝ። ከዚያ "ሲስተር" አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሳሳትኩ። መሪጌታ አረሙኝ። ድምፁ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

ዶክተሩ ያቺን ክር በቀስታ ወደ ጎን አሸሻት። ሁለተኛዋን ያዘ። ተሳሳትኩ፣ ታረምኩ፣ ምንም አልተሰበረም። አሰረ፣ ቆረጠ። ሰይድ በትንፋሹ "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት። በሌላው ወገንም በዚሁ መንገድ ሄድን። እንቅርቱ ወጥቶ ትሪ ላይ ሲቀመጥ መሪጌታ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንዲያ ተሰድቤ አላውቅም።

ፋሻውን ስጠመጥም ጎንበስ ብዬ፣ "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሳይወዱ አዜሙ" አልኳቸው።

"አላዜምኩም" አሉ። "አረምኩ። ተማሪ ሲሳሳት ተጋድሞም ይታረማል።"

ደስታችን ብዙ አልቆየም። በማግስቱ የመሪጌታ ድምፅ ሻከረ። ዶክተሩ በመስታወት አይቶ የታችኛዋ ነርቭ ደህና እንደሆነች አረጋገጠ። የላይኛዋን ግን ያ መስታወት አያሳይም። ዕብጠት ሊሆን ይችላል፣ ጉዳትም ሊሆን ይችላል። መቆንጠጫው የያዛት ለአፍታ ቢሆንም ድር ናትና ምን እንደደረሰባት አይታወቅም። ድምፃቸውን እንዲያሳርፉ አዘዛቸው፤ ጊዜው ነው የሚለየው አላቸው። መሪጌታ መልካም ትንፋሽ ይዘው፣ ያንን ሻካራ ድምፅ ይዘው ወደ አንኮበር ወጡ። ሲሰናበቱን በእጃቸው ነበር።

ዶክተር ይልማ ከዚያ በኋላ ጭምት ሆነ። ሰይድ ቤተሰቡን ጠይቆ በተመለሰ ቁጥር፣ "የመሪጌታ ወሬ አለ?" ይለዋል። ሰይድም፣ "ይናገራሉ፣ ያስተምራሉ። ግን ዜማውን የሚያወጣው የቅርብ ተማሪያቸው ነው አሉ" ይለዋል። አንድ ቀን ይህን ሲሰማ ጓንቱን ሳያወልቅ ብዙ ቆመ። ያን ጊዜ ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ እሱ አዘንኩ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሰይድ መልእክት ይዞ መጣ። መሪጌታ፣ "በንግሡ ቀን ብቅ በሉ" ብለዋል። ሌላ ቃል የለም።

በዶክተሩ አሮጌ ቮልስ ሄድን። ካድሬው የት ነበራችሁ ቢል በሽተኛ ልናይ ነው እንለዋለን ተባባልን፤ ውሸትም አልነበረም። አንኮበር ስንደርስ ታቦቱ ወጥቷል፣ ሕዝቡ ዐጸዱን ሞልቶታል፣ ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። መሪጌታ ከመሀል ነበሩ። አንገታቸው ነጠላ የለበትም፤ ጠባሳው እንደ ቀጭን ሐብል ይታያል። እኛን አይተው እንደሆነ እንጃ።

ዶክተሩ ዜማ አያውቅም። "ያቺ ቦታ ስትደርስ ንገሪኝ" አለኝ።

ተማሪዎቹ ጀመሩ። ያቺው የአራራይ ዜማ ናት። መሪጌታ መጀመሪያ ዝም ብለው በመቋሚያቸው ብቻ ልክ ያዙላቸው። ዜማዋ መነሣት ስትጀምር ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መሪጌታ ብቻቸውን ተቀበሏት። የዶክተሩን እጅጌ ያዝኩ።

ወጣ። አናቱ ጋ ደረሰ። አልተሰበረም። እዚያው ላይ ከሚያስፈልገው በላይ የቆየ መሰለኝ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ዶክተር ይልማ ሰው ፊት ሳያፍር አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አጠገባችን የነበሩ ሴቶች የሞተብን ሰው ያለ መስሏቸው አጽናኑን።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ነርቭ የሚያበራውን መሣሪያ ለምትይዙት ወጣቶች የምለው አንድ ነገር ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በሽተኛው በዚያ አካሉ ምን እንደሚሠራበት ጠይቁት።